በሰው መልስ የተፈተነው ቶዛ

ቶዛን መናቅ የጀመርኩት ሕክምና ልናጠና ገብተን፣ ማደሪያው ውስጥ አንድ ክፍል በደረሰን በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሙሉ ስሙ ስቬቶዛር ነው፤ ከሞራቫ ወንዝ ማዶ፣ ፕሪም ከሚያለሙ ገበሬዎች መንደር የመጣ፣ መልከ መልካምና አፈ ቅቤ። እናቱ ገና ሳይመዘገብ ጀምረው “ዶክተር” ይሉታል። እሱም ሳያፍር አቤት ይላል።

በዚያ ሳምንት አንዲት መምህርት መጠይቅ አስሞልታን ነበር፤ ማን በዓይኑ፣ ማን በጆሮው፣ ማን በእጁ እንደሚማር የሚለይ ነው ተባለ። ቶዛ በጆሮው የሚማር ሆኖ ተገኘ። የእኔ ከየትኛውም ሳይሆን ቀረ።

“ዝላትኮ፣ ለካ ችግሬ መጽሐፍ ነው” አለኝ አልጋው ላይ እየተንጋለለ። “እኔ መስማት ነው ያለብኝ።”

“ስንፍናም በጆሮ ነው የሚገባው?”

“አንተ ምን ታደርግ፣ ዓይነት እንኳ የለህም።”

እውነቱን ነው፣ የለኝም። አንድ ገጽ አነብና መጽሐፉን ከድኜ ያነበብኩትን ለግድግዳው እነግረዋለሁ። እሳሳታለሁ፤ ገልጬ አይና እንደገና እጀምራለሁ። አሰልቺ ነው፣ የሚያምርም ነገር የለውም። ቶዛ የሱፍ አበባ ፍሬ እየፈለፈለ “ግድግዳው አለፈ ወይ?” እያለ ይስቅብኛል።

የሱ ዘዴ ሌላ ነበር። እኛ ዘንድ አናቶሚ የሚፈተነው በቃል ነው፤ ተማሪው ዕጣ ያወጣል፣ የደረሰውን ጥያቄ ይመልሳል፣ ፈተናው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ኋላ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሁላችንም የፕሮፌሰሩን ጠባይ ለማየት አንዴ ሁለቴ እንገባለን። ቶዛ ግን ትምህርት ቤቱ አደረገው። በየፈተናው ወቅት የኋላ ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው ይቀመጣል። ያልገባው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የሚያውቅ ተማሪ በአጭሩ መልሶ ይወጣል፣ የማያውቀው ነው ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ፣ እያላበው፣ ያንኑ እየደጋገመ የሚቆየው። ስለዚህ የቶዛን ጆሮ የሞላው አብዛኛው የወዳቂ መልስ ነበር። ይህን ስነግረው “ቅናት ነው” አለኝ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ምክሩ ነው። ካፌ ተቀምጦ የአንደኛ ዓመት ልጆችን “አንቺ ዓይን ነሽ፣ ባለቀለም እስክሪብቶ ግዢ። አንተ እጅ ነህ፣ አጥንት ተዋስና ዳስስ” እያለ ሲመድብ ይውላል። ልጆቹ ቡና ይጋብዙታል። ከዚያ እነሱ ፈተናውን አልፈው ለልምምድ ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ፣ እሱ አናቶሚ ላይ ይቀራል።

እናቱ እትዬ ራዶይካ በስልክ ሲያወሩ ድምፃቸው እኔ አልጋ ድረስ ይሰማል። “አባትህ ወገቡን ታሞ ተኝቷል፣ ዶክተር። ፕሪሙም ረገፈ። ለሁለት ቀን ብቅ በል።” እሱ ተጋድሞ ፍሬውን እየፈለፈለ “ፈተና ላይ ነኝ፣ እማ” ይላቸዋል። ይህ በየዓመቱ ነው።

በመጨረሻ ሦስት ፕሮፌሰሮች አንድ ላይ የሚቀመጡበት ፈተና ደረሰበት። ያንን ከወደቀ ስሙ ይሰረዛል፣ ሌላ ዕድል የለም። እትዬ ራዶይካ ታማሚውን ባላቸውን ለጎረቤት ትተው፣ ጊባኒጻ የሚሉትን የአይብ ዳቦ በፎጣ ጠቅልለው በማለዳ አውቶቡስ መጡ። ከማደሪያው ሲወጣ በአገራችን ደንብ ከኋላው ውሃ ደፉለት። “እንደ ውሃ ይፍሰስልህ፣ ዶክተር” አሉት። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ቀሩ።

ቶዛ ዕጣውን አወጣ፣ ፊቱም በራ። ጥያቄው ከአንጀት የሚወጣው ደም ወዴት እንደሚሄድ ነው። ደሳንካ የምትባል የክፍላችን ልጅ ሰኔ ላይ ይህ ደርሷት፣ ቶዛ ኋላ ተቀምጦ እየሰማት ብዙ ለፍልፋ ወድቃለች። መስከረም ላይ ያው ጥያቄ ተመልሶ ደረሳትና በሦስት ዓረፍተ ነገር መልሳ አለፈች። የዚያን ቀን ቶዛ አልነበረም። “ይሄን ጥያቄ ይዤዋለሁ” ብሎ ካፌ ሄዶ ነበር።

አሁን ድምፁን አሳምሮ ጀመረ። ደሙ በቀጥታ ወደ ልብ ይሄዳል አለ፣ እጁን እያወናጨፈ አብራራ፣ መሃል ላይ ሳል አደረገና “ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ነው” አለ።

ፕሮፌሰር ስታኒሚሮቪች እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ድምፃቸው የማይሰማ ትንሽ ሽማግሌ ናቸው። “ደሳንካም የሳለችው እዚህ ጋ ነበር” አሉ። ሁለቱ ፕሮፌሰሮች አንገታቸውን ደፉ። “እሷ ግን ሄዳ አጥንታ መጣች። ደሙ መጀመሪያ የሚገባው ጉበት ነው፣ ልጄ። በል አሁን የራስህን ንገረኝ። ስህተትም ቢሆን ግድ የለም፣ ብቻ ያንተ ይሁን።”

ቶዛ የራሱ የሆነ ስህተት እንኳ አልነበረውም። ሲወድቅ ባየው ደስ ይለኛል እል ነበር፤ ደስ አለኝም።

ኮሪደሩ ላይ እናቱ ጊባኒጻውን እንደታቀፉ ተነሱ። “እህስ፣ ዶክተር?”

“ጣሉኝ፣ እማ። የኔን ዓይነት ተማሪ አያውቁበትም። እኔ የምማረው በጆሮዬ ነው።”

ወደኔ ዞሩ። “እውነት ነው፣ ዝላትኮ ልጄ?”

“ወረቀቱ እንደዚያ ይላል፣ እትዬ ራዶይካ።”

ወደ ልጃቸው ተመለሱ። “ስቬቶዛር” አሉ፤ በስሙ ሲጠሩት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። “ታዲያ አባትህ ታሟል፣ ና እያልኩ ስለምንህ በየትኛው ጆሮህ ነበር የምትሰማኝ?”

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጊባኒጻውን እኔ እጅ ላይ አስቀምጠው ደረጃውን ወረዱ። ቶዛ ሊከተላቸው ተነሳ። ወዲያው የፈተናው ክፍል በር ተከፈተና አንዲት ፊቷ የገረጣ ልጅ ወጣች። እሱም ቆም አለ።

“ምን ጠየቁሽ?” አላት።