ሰሎሞን ዋስ የሆነልኝ ቀን

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልፈረሰበትም፤ ሁለት ጎረምሶች በኳስ የተጣሉበት ነገር ነው። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት በኮሌጃችን ግቢ ሁለት የክፍል ጓደኞቼ፣ በአሜሪካኖቹ ጨዋታ የትኛው ኳስ ተቀባይ ይበልጣል ብለው ሲጨቃጨቁ ቆዩና አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ዳኘን» አለኝ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ በዐሥራ አምስት ዓመት እበልጣቸዋለሁ። ሰው የጠየቀኝን እንቢ ማለት አይሆንልኝም፤ የዚያን ቀን ግን ቦርሳዬን አንሥቼ ሄድኩ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2008 ነው። ፋሲካ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፤ በእስራኤል ከናታንያ ከተማ ዳር ካሉት እርሻዎች የብርቱካን አበባ ሽታ ከባሕሩ ነፋስ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ሰፈራችን ኪርያት ኖርዳው ይመጣል። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከማትናሱ፣ ማለትም ወጣቶች ከሚሰባሰቡበት የሰፈሩ ማእከል ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ከራማት ፖሌግ ሰፈር የሚመጣ አንድ አሜሪካዊ የአገሩን እግር ኳስ ያሠለጥነን ነበር። እግር ኳስ ይበሉት እንጂ ኳሱ ሞላላ ነው፤ የሚጫወቱትም በእጅ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ ተቀባዩ ሮጦ ይቀልባል፣ ተከላካዩ ወገቡ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ መንጭቆ ያስቆመዋል። እናቴ አንድ ቀን ቆማ አየችና «ይኼ ደግሞ የትልልቅ ሰው ቅልብልቦሽ ነው?» ብላ ሄደች።

ሁለት ድንቅ ተቀባዮች ነበሩን። ይርጋ አጭር ነው፤ እጁ የገባ ኳስ አይወድቅም። ሰሎሞን ረጅም ነው፤ ዘሎ ከሁለት ሰው ራስ ላይ ይነጥቃል፣ አንዳንዴ ግን ሕፃን የሚቀልበውን ይጥላል። እኔ የይርጋ ደጋፊ ነበርኩ። የልብ ጓደኛዬ ታደለ ደግሞ የሰሎሞን፤ ሰሎሞን የአክስቱ ልጅ ነው። በሱፍ ፍሬ ቅርፊት መሬቱን እየሸፈንን ስንከራከር መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ሰሎሞን የመጨረሻዋን ኳስ ጥሎ የተሸነፍን ዕለት ግን ጨዋታነቱ ቀረ።

«ሰሎሞንህ እጁን ቅቤ ቀብቶት ነው የመጣው» አልኩት አውቶቡስ ስንጠብቅ።

«ይርጋህ ደግሞ ለመዝለል መሰላል ይፈልጋል!»

ገፋሁት፤ ገፋኝ፤ ከንፈሩ ደማ። አባ ተሰማ ከማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ያዩ ነበር። በጎንደር ገጠር ሳሉ የሰው ሙግት ይሰሙ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው።

«እንደ ውሻ ከምትናከሱ እንደ ሰው ተሟገቱ» አሉን። «ነገ ዋስ ዋሳችሁን ይዛችሁ ኑ።»

በማግስቱ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከሜዳው ዳር ካለው የፊኩስ ዛፍ ሥር ሰው ተሰበሰበ። አሠልጣኙም አማርኛ ባይሰማም መጥቶ ሱፍ እየፈለፈለ ፈገግ ይላል። አባ ተሰማ በዘንጋቸው መሬቱን መታ አደረጉና «ዋስ ጥሩ!» አሉ። ለታደለ ወንድሙ ቆመለት። እኔ ይርጋን አየሁት፤ «እኔን አታስገባኝ፣ አሂ፣ ወንድሜ» ብሎ አቀረቀረ። ዋስ አጥቼ ፊቴ ጋለ።

«እኔ ዋሱ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ሰሎሞን ነበር፤ ከልምምድ እንደመጣ ጨርቁን ወገቡ ላይ እንዳንጠለጠለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አባ ተሰማ አልሳቁም። «ይህ ልጅ በእጁም በምላሱም ቢያጠፋ ተጠያቂው አንተ ነህ። እኔ ሳላወርድህም ከዋስነትህ አትወርድም።»

«እሺ አባ። እሱ ደግሞ ምን ያጠፋል?»

ሙግቱ ተጀመረ። ታደለ አፈኛ ነው። አንድ ነገር ባልኩ ቁጥር ሦስት ይመልሳል፤ ሰው ያጨበጭብለታል። አንድ የማውቀው ነገር ነበረኝ፤ ታደለ ከሁለት ዓመት በፊት ለማንም እንዳልናገር አስምሎ የነገረኝ። አልናገርም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ታደለ ግን ወደ ሰዉ ዞሮ «ይኼማ ዋስ እንኳ ከእኛ ነው የተበደረው!» አለ። ሳቁ ሲፈነዳ አፌ ተከፈተ፤ ስናደድ እንደሚሆንብኝም በዕብራይስጥ ነበር።

«ሰሎሞን በግራ ዐይኑ አያይም! በግራ የመጣችውን ሁሉ የሚጥለው ለዚህ ነው!»

ሳቁ ቆመ። የአሠልጣኙ እጅ ከሱፉ ጋር አየር ላይ ቀረ፤ ይህችን ሰምቷታል።

«እውነት ነው?» አሉ አባ ተሰማ። ሰሎሞን ራሱ «እውነት ነው» አለ።

«እንግዲያስ ረትተሃል» አሉኝ። ቀጥለው ወደ እርሱ ዞሩ፦ «ዋሱ፣ ሰውህ በምላሱ አጥፍቷል።»

ሰሎሞን ጨርቁን ከወገቡ ፈታና ለአሠልጣኙ ሰጠው። የሐኪም ወረቀት ሳያመጣ እንደማያጫውቱት ያውቅ ነበር። በሰው መካከል አልፎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ይርጋ ያላንዳች ተፎካካሪ ተጫወተ፤ እኔ ግን ማጨብጨብ አቃተኝ። ታደለ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ይቅርታ ልጠይቅ ሦስት ጊዜ የሰሎሞንን ደጅ አንኳኳሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ እናቱ «የለም ልጄ» አሉኝ፣ ጫማው በሩ ላይ እያለ። አባ ተሰማ ደግሞ ባለፍኩ ቁጥር «ዋስህ አልወረደም» ይሉኛል።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። የሱኮት፣ የዳስ በዓል፣ ዋዜማ አባ ተሰማ ዳስ ሲሠሩ እንዳግዛቸው አስጠሩኝ። ስደርስ ታደለ መሰላሉ ላይ ነው። ሰሎሞን የወታደር ልብስ ለብሶ የዘንባባ ዝንጣፊ ይዞ ቆሟል።

«አባ፣ ከዋስነቴ ያውርዱኝ» አለ። «ደከመኝ።»

«ይህ ልጅ ከዚያ ወዲህ የሰው ምሥጢር አውጥቷል?»

ማን ይመስክር? ከመሰላሉ ላይ «አላወጣም» የሚል ድምፅ መጣ። ታደለ ነበር፤ ወደ እኔ ግን አላየም።

«እንግዲያስ ወርደሃል» አሉ አባ ተሰማ።

ሰሎሞን እጁን ዘረጋልኝ። «በል ሌላ ዝንጣፊ አቀብለኝ» አለ፣ «በቀኜ በኩል ግን።»

ለቢሮ ሥራ የወሰደው ሠራዊት ሲመረምረው ያገኘው ነበር እያሉ የሚያጽናኑኝ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ምሥጢሩን መናገር የእርሱ ፈንታ ነበር። ከሁለቱ ተቀባዮች ማን ይበልጥ እንደነበር ዛሬም ቢጠይቁኝ አልፈርድም። ማን ዋስ እንደሆነልኝ ግን አውቃለሁ፤ ከዋስነቱም የወረደው ዓርብ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 2009 ነበር።