የአርባ ቀን ልጅ ወገብ

ዘመኑ የግምገማ ነበር። ከስብሰባ መሀል ደጋግሞ የሚወጣ ሰው ይጠረጠራል፤ እኔ ደግሞ በስተርጅና ሽንቴን መያዝ አቅቶኛል። ስለዚህ እየታጠበ የሚለበስ የሽንት ጨርቅ ላሰፋ ቆረጥሁ። የፍኖተ ሰላም ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ስለሚያውቁኝ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቡሬ ሄድሁ።

እዚያ ያገኘኋቸው ሰፊ በእኔው ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። የገዛሁትን አቡጀዲ አቀበልኋቸውና፣ «ለልጅ ልጄ የሽንት ጨርቅ ይስፉልኝ» አልኋቸው።

«ስንት ወሩ ነው?»

«ገና አርባ ቀኑ።»

«ወገቡስ?»

እዚህ ላይ ተያዝሁ። «በእኔ ልክ ያድርጉት፤ ያድግበታል።»

መቀሳቸውን አስቀምጠው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ስሜን ጠየቁኝ፤ የሌላ ሰው ስም ነገርኋቸው። አገሬን ሲጠይቁኝ መራዊ አልሁ። ከዚያ ተነሥተው በሩን ሲዘጉት፣ እኒህ ሰው ጆሮ ጠቢ ናቸው ብዬ ጠረጠርሁ።

እሳቸው ግን አቡጀዲውን መለሱልኝ።

«ይሄ ውኃ አይጠጣም፤ ፎጣ ይሻላል። እኔም አርባ ቀኑ የሆነ የልጅ ልጅ አለኝ» አሉና፣ ቀበቷቸውን ላላ አድርገው ከሱሪያቸው ሥር የፎጣውን ጫፍ አሳዩኝ።