ስትወድቅ ማን ነበር የሚያነሳህ?

ባለፈው እሁድ ቸርች ቁጭ ባልኩበት ፓስተራችን በጣቱ ጠራኝ። ሁሌ የሚተረጉመው ወንድም ታሞ ቀርቷል። «እንግዳ አለን፣ ዛሬ አንቺ ተርጉሚ» አለኝ። እሺ ብዬ ቀና ስል...



እዚህ ሎንደን፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር ባለችው ትንሿ አዳራሻችን፣ ሶፋዬ ላይ ሆኜ በቲቪ ስጮህለት የኖርኩት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ቆሟል። ስሙን አልጠራም፣ የሚያውቁት ያውቁታል። ሚስቱ እዚያው አሜሪካ ያደገች የኛው ልጅ ናት። አክስቷ ደግሞ የቸርቻችን አባል ናቸው። ለሥራ ሎንደን ሲመጣ «ሳትመሰክር አትሄድም» ብለው ይዘውት መጡ።

ማይኩን ያዝኩ።

«ረኒንግ ባክ ነበርኩ» ብሎ በእንግሊዝኛ ጀመረ። እኔ ደንግጬ «ወደ ኋላ ሯጭ ነበርኩ» ብዬ ተረጎምኩት። ከፊት የተቀመጡት ጋሽ ታደሰ «ወደ ኋላ እየሮጠ ነው እንዴ ያሸነፈው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ቶሎ አረምኩት... ኳሷን ታቅፎ፣ ሊጥሉት በሚመጡት ሰዎች መሃል ሰንጥቆ የሚሮጥ ማለት ነው አልኳቸው።

ከዚያ ሕይወቱን ተረከ። እናቱ የትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ እየሠሩ ብቻቸውን እንዳሳደጉት፣ ገና በልጅነቱ ኮሌጆች እንደተሻሙበት፣ ከተማው በሙሉ የሱን ቁጥር ማልያ ይለብስ እንደነበር። በዝናው አናት ላይ እያለ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሐኪሞቹ አበቃለት አሉ። ተመልሶ ዋንጫ በላ።

እኔ ታሪኩን በቃሌ ስለማውቀው አንዳንዴ ቀድሜው እሄዳለሁ። «እንዴ፣ አማርኛ እንዲህ ረጅም ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

መሃል ላይ እማማ ዘነበች እጃቸውን አወጡ። እኛ ጋ ምስክርነት መሃል ማንም አይጠይቅም። ግን እሳቸውን ማን ይከለክላል?

«ልጄ፣ እንዲያ እየተረባረቡ ሲጥሉህ፣ ስትወድቅ ማን ነበር የሚያነሳህ?»

ተረጎምኩለት። ከዚያ ቀስ ብሎ... «ከፊቴ እየሄደ መንገድ የሚከፍትልኝ አንድ ግዙፍ ሰው ነበር። ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚያነሳኝ። የሱን ስም ግን ማንም አያውቅም» አለ።

«አለ በሕይወት?»

«አለ። ግን በጨዋታ ብዛት ጭንቅላቱ ተጎድቷል፣ ሰው ይረሳል አሉኝ። እንዳያውቀኝ ፈርቼ ደውዬለት አላውቅም።»

እማማ «እሱ ባያውቅህ፣ አንተ ታውቀው የለም እንዴ?» አሉ።

ይሄን ልተርጉመው ወይስ ልተወው ብዬ ፓስተሩን አየሁት። «ተርጉሚው» በሚል ራሱን ነቀነቀ። ተረጎምኩት።

ሰውየው ስልኩን አወጣ። እዚያው መድረክ ላይ። አሜሪካ ገና ጠዋት ነው። የጓደኛው ሚስት አነሳች፣ ድምፁን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። «ቆይ ልስጥህ» አለችው። ስፒከር ላይ አድርጎ ማይኩ ጋ አስጠጋው።



«እኔ ነኝ... ያ ከኋላህ የምሮጠው» አለ።

ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። እኔ ማይኩን አንቄ ይዤ በሆዴ እጸልያለሁ። ከዚያ አንድ ወፍራም፣ የተጎተተ ድምፅ መጣ።

«ተጎዳህ እንዴ?»

ሰውየው መድረኩ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። «ወድቄ ባነሳኝ ቁጥር የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነበር» አለን። ከዚያ ወደ ስልኩ፣ «አልተጎዳሁም፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያው ተነስ።»

ይቺን ቃል መተርጎም አቃተኝ። የሚስቱ አክስት ናቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው በአማርኛ የተናገሩልኝ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር። ጋሽ ታደሰ በመሐረብ ፊታቸውን ይጠርጋሉ፣ ፓስተሩ ስብከቱን ረስቶ ያጨበጭባል። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ «ስታዲየም ነህ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ ሁላችንም እያለቀስን ሳቅን።

ስንወጣ እማማ ዘነበች ክንዴን ያዝ አድርገው ጠጋ አሉኝ። «ደግ ልጅ ነው፣ እግዜር ይባርከው። መጫወቱንስ ሰማን... ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?»

ለዚህኛው ትርጉም አላገኘሁለትም።