መልኳን ያላወቀቻት ተማሪ

ተማሪዎቿ «ቀመር» ይሏታል። ሂሳብ ስለምታስተምር ብቻ አይደለም፤ ክፍል ገብታ ወደ ሰሌዳው ከዞረች ሰዓቱ እስኪያልቅ አትመለስም። «ፊቷን የምናየው ፈተና ስታድል ነው» እያሉ ይስቁባታል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ አዳራሹን ሞልቶ ይጀምርና ዓመቱ ሲጋመስ ይሳሳል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «ሂሳብ ወንፊት ነው፤ ያልቻለ ይንጠባጠባል» ይላል። እሷም እንደዚያው ታምን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሰሌዳ ስታጠፋ፣ አንድ አዛውንት የተጠቀለለ ፍራሽ ተሸክመው በሩ ላይ ቆሙ። ልጃቸው ትምህርቷን ትታ ቤት ገብታለች፤ እሳቸው ዕቃዋን ሊወስዱ መጥተው ነው።

«ልጄ፣ ሂሳብ የምታስተምሪያት አንቺ ነሽ አሉኝ። ምን ሆና ነው የተወችው? እኛ ብንጠይቃት አፏን ለጉማ ቁጭ ነው።»

ስሟን ነገሯት። መምህርቷ አእምሮዋን ብታስስ ብታስስ፣ አንድም ፊት አልመጣላትም።

«ጎበዝ ልጅ ነበረች» አለች።

«እሱስ ጎበዝ ናት። የት ነበር የምትቀመጠው?»

አላውቅም ማለት ሞት ሆነባት። እጇ ቀድሟት ወደ መስኮቱ ጥግ ጠቆመ። «እዚያ።»

ሰውየው ፍራሹን አወረዱ። በወንበሮቹ መሃል ቀስ ብለው አልፈው እዚያ ተቀመጡ፤ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ሰሌዳውን ቀና ብለው አዩ። «ከዚህ እኮ በደንብ ይታያል» አሉ፣ ለራሳቸው። ምናልባት የተረሳ ዕቃ ከተገኘ ብለው ስልክ ቁጥራቸውን ሰጥተዋት፣ አመስግነዋት ሄዱ።

ምስጋናቸው ከበዳት። ከዚያ ወዲህ ወደ ሰሌዳው በዞረች ቁጥር ከኋላዋ ጠረጴዛ የሚዳብስ እጅ ይሰማታል። ዘወር ስትል ተማሪ ነው፤ የሚጽፍ፣ የሚያዛጋ። ስትመለስ ድምፁ ይመለሳል። ጠመኔው ከእጇ ያመልጣት ጀመር።

ጀርባዋን መስጠት ፈራች። ስለዚህ ሰሌዳውን ለተማሪዎቹ ለቀቀችላቸው። በትንንሽ ቡድን ከፋፍላ በየተራ እንዲያስረዱ አደረገች፤ እሷ በመሃላቸው እየተዘዋወረች ፊት ፊታቸውን ታያለች። አንዱ ከቀረ ቡድኑን «የት ገባ? ሄዳችሁ እዩት» ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር የእንቆቅልሽ ውድድር ጀመረች፤ አዘጋጆቹም ዳኞቹም ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው።

«ዩኒቨርሲቲውን መዋዕለ ሕፃናት አደረግሽው እኮ!» አለ ኃላፊው።

«ላድርገው» አለችው፤ ምክንያቷን ግን አልነገረችውም።

በዚያው ዓመት «ጭምቱ» የሚሉትን ልጅ ጓደኞቹ ሻንጣውን ይዞ ሊወጣ ሲል በር ላይ ያዙት።

«ነገ ተራው ያንተ ነው! ለማን ጥለኸን ነው የምትሄደው?»

«ብሄድ ማን ያውቃል ብዬ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። ሻንጣውን ነጥቀው መለሱት። መምህርቷ ይህን ስትሰማ ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ጥሎ የሚሄድ ተማሪ ቀነሰ። እሷ ግን አልቀለላትም። አዳራሹ በሞላ ቁጥር ከፊቶቹ መሃል የማታውቀውን አንድ ፊት ትፈልጋለች። በመጨረሻ አባትየው ጋ ደወለች፤ የልጅቷን ቁጥር ሰጧት።

ስልኩ ሲነሳ ከበስተኋላ የስፌት መኪናዎች ይንጫጫሉ።

«መምህርትሽ ነኝ።»

«የትኛዋ?»

«የሂሳቧ።»

«ይቅርታ፣ ድምፅዎን አላወቅኩትም» አለች ልጅቷ።

«ተመለሺ። ክፍሉ አሁን እንደ ድሮው አይደለም።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ግን እዚህ ስፌት ቤት ለምጃለሁ። ትንሽ ካረፈድኩ ‹ምን ነካት?› ብለው ቤት ድረስ ይመጣሉ።» አንድ ሰው በስሟ ጠራት፤ ሳቅ ተከተለ። «መጣሁ! ... ይጠሩኛል፣ ደህና ይሁኑ።»

መምህርቷ ዛሬም ታስተምራለች። ሁለተኛ አልደወለችም። መንገድ ላይ የዚያች ተማሪ እኩያ የሆነች ወጣት ስታልፍ ግን ትቆማለች፤ ልጅቷ ትሁን አትሁን የምታውቅበት መንገድ የላትም።