መራራ ስኳርን ይገድላል

አባባ ከአዲስ አበባ የመጡት ለዓይናቸው ነበር። ስኳር በሽታው ዓይናቸው ላይ ወጥቶ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን በሰዓቱ ካልዋጡና ጣፋጭ ካልተዉ ይታወራሉ ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ "ይታወራሉ" የሚለውንም አላለዘብኩትም። አባባ አንገታቸውን ነቅንቀው ሲያበቁ፣ ከሆስፒታሉ እንደወጣን "በይ ሻይ እንጠጣ" አሉ።

እኚህ ሰው ሻይ የሚሉት ስኳር ነው፤ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ስኳር። ስኳር የሌለው ሳቀርብላቸው ብርጭቆውን ገፋ አድርገው "ይሄን ለታመመ ስጪው" ይላሉ። እርስዎስ ማን ነዎት ታዲያ? አልላቸውም። አባትን በአንቱታ መቆጣት እንዴት እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል።

ያኔ የምንኖረው አሜሪካ፣ ካልቨር ሲቲ ነበር። ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤታችን፣ ቻይናዊት አሮጊት፣ ጭንቀቴን ሲሰሙ በወረቀት የተጠቀለለ፣ እንደ ቂጣ ክብ ሆኖ የደረቀ ሻይ ይዘው መጡ። ፑኤር ይባላል፤ ቅጠሉ የተለቀመው ዕድሜ ከጠገበ ዛፍ ነው። ስኳር አይገባበትም። መጀመሪያ ይመርራል፣ ከተዋጠ በኋላ ግን ጣፋጭነቱ ጉሮሮ ላይ ይመጣል አሉኝ፣ ጉሮሯቸውን በጣታቸው እየነኩ።

ራሳቸው አፍልተው አሳዩን። የፈላ ውሃ ቅጠሉ ላይ ጨመሩና ወዲያው ደፉት። አባባ ደንግጠው "ምነው፣ ደፉት እኮ" አሉኝ። ሁለተኛውን ቶሎ አጥልለው ሰጧቸው። አባባ ፊታቸውን አጨማደው በይሉኝታ ዋጡት። ቆይተው ከንፈራቸውን እየላሱ "እውነትም ይጣፍጣል" አሉ። ተገላገልኩ አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ስሄድ ሻዩን ትቼላቸው መሄድ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የአገራችን ሰው ወደሚበዛበት ፌርፋክስ ድራይቭ አድርጌ ጓደኞቻቸው የሚሰበሰቡበት ሬስቶራንት አደርሳቸዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ልወስዳቸው ቀደም ብዬ ሄድኩ። ፓርክ አድርጌ ስገባ አባባ ፊት ኬክ አለ፣ ሻያቸው ላይ ስኳር ይከምራሉ፣ አፋቸው ደግሞ ጡረታ የወጡትን ባለታክሲዎች ያስተምራል።

"መራራ ስኳርን ይገድላል። አገራችን ግራዋ ይጠጣ የለም እንዴ? የቻይናው ከእሱም ይብሳል። ጠዋት አንድ ኩባያ ግጥም ማድረግ ነው፣ ከዚያ የፈለግከውን ብላ።"

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱማ ለእኔም አምጣልኝ አሏቸው።

"ኪኒኑስ?" አልኩ እዚያው እንደቆምኩ።

"እሱንማ ተውኩት። ሁለት መድኃኒት አብሮ ሲወሰድ ይጣላል።"

መኪና ውስጥ ገባንና ጮህኩባቸው። ሴትየዋ የሰጡዎት አፍዎ እንዲጣፍጥ ነው፣ ማን መድኃኒት ነው አለዎት? አባባ ቀበቷቸውን እያሰሩ "አትናደጂ ልጄ፣ ሻዩን አንድም ቀን አላስታጎልኩም" አሉ። እኔን የሚያበግነኝ እሱ ነው። ለካ እኔ ስወጣ ያን ቅጠል እስኪጠቁር ያንተከትኩታል። የመጀመሪያውንም ውሃ አይደፉም፣ መራራው እንዳይባክን። ቤት ገብቼ የተረፈውን ብቀምሰው ኮሶ ነው፤ እንባዬ መጣ። ይሄን ሁሉ ምሬት በየጠዋቱ የሚጠጣ ሰው አንዲት ፍሬ ኪኒን መዋጥ እንዴት ያቅተዋል? ብሰድባቸው ደስ ባለኝ። ሰነፍ ቢሆኑ እንኳ ስድቡ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ጎረቤታችንን ራሳቸው ይንገሩልኝ ብዬ ጠራኋቸው። በትዕግሥት አስረዱ፣ እኔም ተረጎምኩ። "ይህ ሻይ ስኳር አይገድልም፣ ማንንም አያድንም፤ እናቴም ይጠጡት ነበር፣ ታመው ነው የሞቱት" አሉ። አባባ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። "ኦኬ፣ ኦኬ" አሉና "እንግዳ ባዶ አፉን አይቀመጥም" ብለው ማንቆርቆሪያውን አነሱ።

ሻዩ ከስኒው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። አባባ ፈገግ እንዳሉ መቅዳታቸውን ቀጠሉ። ጎረቤታችን ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ስኒውን በቀስታ ገፋ አድርጌ ከሚፈሰው ሥር አስገባሁት።

"ሲሞላ ንገሪኝ" አሉኝ አባባ።