ሳያረጋግጡ የማይፈርሙት ወይዘሮ አስካለ

ወይዘሮ አስካለ ገብረጻድቅ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ደብረ ብርሃን በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አረፉ። ኩላሊታቸውን ለረጅም ጊዜ ታመው ስለነበር ሞታቸው ድንገተኛ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ዜናውን ለሁላችሁም የላክሁት እኔ ነበርሁና ያችን አጭር መልእክት ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። በማግሥቱ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ስንቀብራቸው ከተፈናቃዮች መጠለያ የመጣው ሰው ከዘመዶቻቸው ይበዛ ነበር።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በስልካችሁ ላይ ከስማችሁ አጠገብ ባለችው አረንጓዴ ምልክት ነው። እኔ ግን ለዓመታት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ስለዚህ የሚያስመሰግናቸውንም የሚያስወቅሳቸውንም ሳልመርጥ እጽፋለሁ። እርሳቸውም የተሸፋፈነ ነገር አይወዱም ነበር።

የተወለዱት አንኮበር፣ ከካህናት ቤተሰብ ነው። በወጣትነታቸው ደብረ ብርሃን መጥተው የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ተቀጠሩ፤ ኋላም ቴክኒሺያን ሆነው እስከ ጡረታቸው ሠሩ። እኔ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። የተዋወቅነው አንድ ቀን ያረጀ ኮምፒውተር በባጃጅ አስጭነው ኮሌጃችን ድረስ በመጡ ጊዜ ነው። ወንበር እንኳ ሳይዙ «መምህር፣ ይኼን ሰርቨር ማድረግ ይቻላል?» አሉኝ።

ምክንያታቸውን አስረዱኝ። ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅለው በከተማችን መጠለያ የሚኖሩት ሰዎች በስልክ የሚጻጻፉበት አንድ ቡድን ነበራቸው። በዚያ ቡድን ላይ በኮሚቴው ሰብሳቢ ስምና ፎቶ «ቤት ሊሰጥ ስለሆነ ነገ ጠዋት ጫጫ ከተማ ተገኙ» የሚል መልእክት ወጣ። እናቶች ሕፃናት አዝለው ሄዱ፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ዝናብ ሲወርድባቸው ዋሉ። የጠበቃቸው ማንም አልነበረም። ሰብሳቢው እኔ አልጻፍሁም ብለው ቢምሉም የሚያምናቸው ጠፋና ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። ወይዘሮ አስካለ በቤተ ክርስቲያን ከሚያገኟቸው ሴቶች ይህን ሰምተው ነበር። «ስምና ፎቶ ማንም ይወስዳል። ሰውየው ራሱ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ነው የጎደላቸው» አሉኝ።

ሰርቨሩን ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተከልነው፤ የመጠለያው ሰው የሚጻጻፈውም በእርሱ በኩል ሆነ። መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ አገናኘንለት። አሠራሩን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። የእያንዳንዱ ሰው ስልክ ሁለት ቁልፎች፣ ማለትም ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች፣ ይሠራል። አንደኛው ከስልኩ የማይወጣ ምስጢር ነው፤ ሁለተኛው ለሁሉም የሚታይ ነው። ሰውየው ሁለት የሚያውቁትን ሰዎች ይዞ በአካል ይመጣል። ስልኩ ላይ የሚወጣው የሁለተኛው ቁልፍ ቁጥር ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ሰርቨሩ ላይ ካለው ጋር አንድ ከሆነ ወይዘሮ አስካለ በራሳቸው ቁልፍ ይፈርሙበታል። ከዚያ በኋላ ማንም በዚያ ሰው ስም ቢጽፍ አረንጓዴዋ ምልክት አትወጣለትም።

ሲወራ ቀላል ነው። ሥራው ግን አድካሚ ነበር። ከመጠለያ መጠለያ እየዞርን ያን ቁጥር ስንት ጊዜ እንዳነበብን አላውቅም። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደገማል። ወይዘሮ አስካለ የራሳቸው እግር እያበጠ፣ መምጣት ወዳልቻሉ ሽማግሌዎች አልጋ ድረስ ይሄዱ ነበር። ማንበብ ለማትችል ሴት ቁጥሩን አንድ በአንድ በጣታቸው እያሳዩ ያስነብቧታል እንጂ እርሳቸው አያነቡላትም። «የራስሽ ነው፤ በራስሽ አፍ ይጠራ» ይሏት ነበር። አንድ ቀን የእኔው ስልክ ተበላሽቶ «በስልክ ያረጋግጡልኝ» ብላቸው «ድምፅህን አውቀዋለሁ፤ ድምፅ ግን አይበቃም። ና» አሉኝ። ተናድጄ ሄድሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

በመጠለያው አቶ ደሳለኝ የሚባሉ ደረታቸውን የታመሙ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ አስካለ በየቀኑ አጥሚት ይወስዱላቸው ነበር። ሰውየውም ሁልጊዜ የሚያነሡት ሙሉ የምትባለውን፣ በሽሽት መሐል የጠፋችባቸውን ልጃቸውን ነው። አንድ ቀን ከአሊዩ አምባ ለሰርቨሩ እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ፦ «ሙሉ ደሳለኝ እባላለሁ። አባቴ ከእናንተ ጋር አለ ወይ? አለ በሉኝ ብቻ።»

«እትዬ፣ ለአባትየው እንንገራቸው» አልኋቸው።

«ካልሆነችስ? ያችን እናት ረሳሃት?»

አልረሳኋትም። ከዚያ በፊት አንድ የማይታወቅ ሰው ልጅሽ ነኝ ብሎ ጽፎ አንዲትን እናት መናኸሪያ ሦስት ቀን አስጠብቋታል። ከዚያ ወዲህ ያልተረጋገጠ ሰው ማን የት እንዳለ እንዳይነገረው፣ ቤተሰብም በከንቱ ተስፋ እንዳይሰጠው ወስነን ነበር። ወይዘሮ አስካለ ለሙሉ «በአካል ነይ» ብለው መለሱላት። እርሷ ግን ልትመጣ አልቻለችም፤ ዝናቡ የአንኮበርን ቁልቁለት በናዳ ዘግቶት ነበር። መንገዱ ከሳምንት በላይ ተዘግቶ ቆየ። በእነዚያ ቀናት ወይዘሮ አስካለ አጥሚቱን ይዘው ይሄዳሉ፤ አቶ ደሳለኝ ስለ ልጃቸው ያወራሉ፤ እርሳቸው ዝም ብለው ይሰማሉ። እኔም አውቅ ነበር፤ እኔም ዝም አልሁ።

መንገዱ በተከፈተ ዕለት ማለዳ ተነሥተን ወረድን። ሙሉን ያገኘናት ሐጂ ኑሩ በሚባሉ ነጋዴ ቤት ስትሠራ ነው። ሐጂ ኑሩና ባለቤታቸው መሰከሩላት፤ ስለ እናቷ፣ ስለ ቤታቸው፣ አባቷ ስለሚጠሯት ስም ጠየቅናት፤ ሁሉም ከአቶ ደሳለኝ ከሰማነው ጋር ገጠመ። ቁጥሩ ተነበበ። ወይዘሮ አስካለ ፈረሙና «አባትሽ አለ። ደብረ ብርሃን ነው ያለው» አሏት። ልጅቷ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሐጂ ኑሩ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ መኪና ፈለጉልን።

መጠለያው በር ስንደርስ ድንኳን ተተክሎ ነበር። አቶ ደሳለኝ ያረፉት እኛ ቁልቁለቱን ስንወርድ ነው።

ሙሉ ከልቅሶዋ መሐል ቀና ብላ «እርስዎ ያውቁ ነበር? እዚህ መኖሩን በዚህ ሁሉ ቀን ያውቁ ነበር?» አለቻቸው።

«አውቅ ነበር።»

«አንድ ቃል ነበር እኮ የለመንሁዎት!»

«ልክ ነሽ» አሉ። መንገዱን፣ ናዳውን፣ ያችን እናት አላነሡም።

ከቀብሩ በኋላ ሰዉን ሰብስበው የሆነውን ሁሉ ራሳቸው ተናገሩ። «ሐሰተኛ እንዳይገባ ስጠብቅ እውነተኛዋን ልጅ በር ላይ አቆምኋት። ሌላ ሰው ምረጡ» አሉ። ገሚሱ አዘነላቸው፤ ገሚሱ እስከ ዕለተ ሞታቸው አላናገራቸውም። የሚተካቸው ሰው ግን አልተገኘም። በማግሥቱ መጥተው «መምህር፣ ሰው ወደ እኔ መምጣት የለበትም፤ ፊርማው ነው ወደ ሰው መሄድ ያለበት» አሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ለፋን። በአሊዩ አምባ ሐጂ ኑሩ፣ በመዘዞ አንዲት ነርስ፣ በአንኮበር የወይዘሮ አስካለ ወንድም ቄሱ፣ እዚህም እኔ የመፈረም ቁልፍ ተሰጠን። ወይዘሮ አስካለም ብቻቸውን የመወሰን ሥልጣናቸውን ተዉ፤ ማንኛውም ፊርማ ሁለት ሰው እንዲያጸናው አደረግን። የሚፈለግ ሰውም በዚያው ቀን «አንድ ሰው ፈልጎሃል፤ ማንነቱን ገና አላረጋገጥንም» ተብሎ ይነገረዋል። ተስፋ ማድረግ አለማድረጉ የራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ተገናኝቷል። እርሳቸው ግን ሲያመሰግኗቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

በመጨረሻው ወር ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሙሉ መጣች። እኔም ነበርሁ። በሩ ላይ ቆማ «ይቅር ብዬዎት አይደለም የመጣሁት። ብቻቸውን ናቸው ሲሉኝ ነው» አለች።

«መምጣትሽ ይበቃኛል። ተቀመጪ» አሏት።

ተቀመጠች። እስኪመሽ ድረስም አጠገባቸው ቆየች። ስትሄድ አንሶላቸውን አስተካክላላቸው ወጣች።

እትዬ አስካለ፣ ደክሞኛል፤ እርስዎም ደክሞዎት ነበር። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ሰዎች ስልክ ጠፋብን ብለው መጥተዋል፤ ከመዘዞም ወንድሟን የምትፈልግ ሴት አለች። ዛሬ ለወንድምየው ነግረነዋል፤ ገና እየጠበቀ ነው። አንድ ያልጨረስሁት ሥራ አለ። የሞተ ሰው ቁልፍ ክፍት መቆየት የለበትም፤ ማንም እንዳይጽፍበት መዘጋት አለበት። ሐጂ ኑሩ የእርስዎን ቁልፍ ለመዝጋት ማክሰኞ ዕለት ፈርመዋል። ሁለተኛው ፊርማ የእኔ ነው። ስክሪኑን በየቀኑ እከፍተዋለሁ፤ ስምዎንና አረንጓዴዋን ምልክት አይቼ መልሼ እዘጋዋለሁ። ከዚህ በላይ ማቆየት ግን አይገባኝም። ይህን ጽፌ እንደጨረስሁ እፈርማለሁ። እንግዲህ ይረፉ፣ እትዬ፤ ከአሁን በኋላ በስምዎ ማንም አይጽፍም።