የታገሰ ጆሮ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስካሬንም፣ በጾም የበላሁትንም፣ እናቴን የዋሸኋትንም ዘርዝሬላቸዋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። እናንተ አታውቁኝም። ለእናንተ ማውራት የቀለለኝ ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ፣ ወሰን የሚባለው ሰፈር፣ አንድ የዕቃ ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ ጫኝ ሆኜ ገባሁ። ታገሰም በዚያው ሰሞን ገባ። ከጨንቻ የመጣ፣ ሳቅ የማያልቅበት ልጅ ነበር። እዚያው አቅራቢያ ካራ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን መኖር ጀመርን። የሙከራ ጊዜውን እንደጨረሰ እጮኛውን ሊያመጣት አስቦ ነበር። “ያኔ አንተ ውጭ ታድራለህ፣ ምን ላድርግህ” እያለ ያበሽቀኛል።

ሥራውን ያስተማሩን ጋሽ መኮንን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዕቃ ሲጭኑ የኖሩ ሰው። ከባዱን ከታች፣ ተሰባሪውን ከላይ ያስደርጉናል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው፦ መኪናው ላይ ያለው ሰው “ይዣለሁ” ሳይል ከታች ያለው አይለቅም። “በእጃችሁ ሳትይዙ በአፋችሁ እንዳትይዙ” ይሉን ነበር።

እኔ ቀርፋፋ ነበርኩ። አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርተው “ልጄ፣ በዚህ አያያዝህ የሙከራ ጊዜውን አታልፍም” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዘዴ አገኘሁ። ዕቃው እጄ ሳይገባ “ይዣለሁ” ማለት ጀመርኩ። እንዲህ ሲሆን ቅብብሉ ይፈጥናል፤ እኔም ቀልጣፋ እመስላለሁ። ደጋግሜ አደረግሁት፣ ምንም አልተፈጠረም። ጋሽ መኮንን እንዲያውም “አሁን ገና ሰው ሆንክ” ብለው አሞገሱኝ። ደስ አለኝ። እንዴት ደስ ይለኛል?

አደጋው በደረሰበት ዕለት ጠዋት የወፍጮ ቤት ብረት የታሸገበት የእንጨት ሳጥን ስንጭን ነበር። እኔ መኪናው ላይ ነኝ። ታገሰ ከታች ሆኖ ሳጥኑን ሽቅብ ወደ እኔ ገፍቶታል። ጋሽ መኮንን አጠገቡ ቆመው፣ ፊታቸውን አዙረው ከሾፌሩ ጋር ያወራሉ። የመኪናው ሞተር ይጮሃል።

“ይዣለሁ” አልኩ። አልያዝኩም ነበር። ጣቶቼ ገና ሳጥኑን አልነኩትም። ታገሰ አምኖኝ ለቀቀ። ሳጥኑ ተንሸራቶ ወረደና ጋሽ መኮንን እግር ላይ ወደቀ።

ሰው ተሰበሰበ። ተቆጣጣሪው “ለምን ለቀቅከው?” ብሎ ታገሰ ላይ ጮኸ። ታገሰ “ይዣለሁ ሲል ሰምቼ እኮ ነው” አለና ወደ እኔ ቀና አለ። “አላልክም እንዴ?”

“አላልኩም” አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ደንግጬ ነው እንዳልል፣ ማታ ቤት ገብተን “እርግጠኛ ነህ?” ብሎ ሲጠይቀኝም ደግሜዋለሁ። “የሞተሩ ጩኸት ይሆናል የሰማኸው” አልኩት። “እንዲያ ይሆናል” አለኝ። ከገዛ ጆሮው ይልቅ እኔን አመነ።

ታገሰ ተባረረ። የጋሽ መኮንን እግር ተሰብሮ ወደ ሥራ ሳይመለሱ ቀሩ። እኔ የሙከራ ጊዜዬን አለፍኩ።

ቢጣላኝ ምናለ? ቢሰድበኝስ? እሱ ግን ጆሮውን መጠራጠር ጀመረ። “እስኪ ከበር ውጭ ሆነህ ቀስ ብለህ ጥራኝ” ይለኛል። እጠራዋለሁ፤ ይሰማል። ግን አያምንም። በመጨረሻ እንጦጦ ጠበል ልጠመቅ አለ። እኔም አብሬው ወጣሁ። ጠበሉ ሥር ተንበርክኮ አንዱን ጆሮውን ከዚያም ሌላውን አዘነበለ። “ጋሽ መኮንንን የጎዳሁበትን ጆሮዬን ማርልኝ” እያለ ሲጸልይ ልብሱን ይዤ ቆሜ ነበር። እዚያ፣ በእግዚአብሔር ደጅ፣ ጤነኛ ጆሮ በጠበል ሲታጠብ እያየሁ ዝም አልኩ። በባሕር ዛፉ መሃል ስንወርድ ትከሻዬን አቅፎ “አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?” አለኝ።

እጮኛውን ሳያመጣ እሱው ወደ አገሩ ተመለሰ። ጋሽ መኮንንን የካ ሚካኤል ስሳለም በምርኩዝ ሲሄዱ አገኛቸዋለሁ። “ያ የማይሰማው ልጅ እንዴት ሆነ? እኔ እኮ ይቅር ብዬዋለሁ” ይሉኛል። “ደህና ነው” እላቸዋለሁ።

ታገሰ በቅርቡ ሴት ልጅ እንደወለደ ሊነግረኝ ደወለ። ሌሊት ስታለቅስ ይሰማውና፣ እውነት አልቅሳ እንደሆነ ሚስቱን ቀስቅሶ እንደሚጠይቃት እየሳቀ አጫወተኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አልጋዬ ላይ ተደፍቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ድህነት ነው፣ ፍርሃት ነው አልልም። እሱም ድሃ ነበር፤ እሱም ይፈራ ነበር፤ ግን አልዋሸም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለምና። ለታገሰ ደውዬ የምነግረውን ቃል አስቀድሜ አንድ ጊዜ እንኳ ከአፌ ላውጣው ብዬ ነው።

ታገሰ፣ ብያለሁ። ይዣለሁ ብያለሁ። ልጅህም ስታለቅስ የምትሰማው እውነት አልቅሳ ነው።